ሟች የተባለችው ቃል

ዶክተር ዋረም ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሲገኙ ዓይናቸው ፈጦ፣ ብሌኑ ያለ ልክ ሰፍቶ ነበር። አጠገባቸው ለሳላቸው በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚጠጡት የፍሬ ወይን አተላ ቀርቷል። ሃያ ዓመት ሙሉ የእንግሊዝኛን ቃላት ለመዝገበ ቃላት ሲሰበስቡበት የኖሩት አሮጌ ጸሎት ቤት፣ እስከ ጣሪያው ወረቀት እንደታጨቀበት፣ የመቃብር ያህል ጭር ብሏል።

ኮንስታብል ኖብስ ግን ገረዲቱን ሄስተርን በካቴና አስሮ ጨርሷል። «መርዘኛው ፍሬ ከወጥ ቤቱ አጥር ሥር ይበቅላል። ወይኑን ያመጣችው እሷ ናት። ምን ቀረ፣ ጌታዬ?»

«ማሰብ ቀረ» አለ ኢንስፔክተር ክሬክ።

ሄስተር ወደ ክሬክ ዞረች። ሌላ ሰው ካልተገኘ የሚጠብቃት የስቅላት ገመድ እንደሆነ አልጠፋትም። «በእናቴ ሞት፣ ጌታዬ! እንደ ወትሮው አሙቄ አስቀመጥኩላቸው። እሳቸው መሰላል ላይ ወረቀት ይፈልጉ ነበር፣ ረዳታቸው ሚስተር ፓስክ ደግሞ ይጽፋሉ። እኔ ፊደል እንኳ የማልለይ ደሃ፣ እሳቸውን ገድዬ ምን ላተርፍ?»

ክሬክ ከሟቹ ክርን ሥር አንድ የወረቀት ጥቅል አወጣ። ቃሉ «ድዌል» ይላል። አንዱ ወረቀት ማታለል ነው ይላል፣ ሌላው ሐኪም ሥጋ ከመቁረጡ በፊት የሚያጠጣው የእንቅልፍ መጠጥ፣ ሦስተኛው ያው መርዘኛ ፍሬ። ሦስቱም ትርጉሞች እዚያው ክፍል ውስጥ የተገናኙ መሰለው። የመጨረሻው ወረቀት የ1609 ነው። ከቃሉ ራስ ላይ ትንሽ የጩቤ ምልክት በቀይ ቀለም ተሥሏል። ጥቅሉን ለማንም ሳያሳይ ኪሱ ከተተና ክፍሉን አሸገ።

ሰነዶቹን የምታነበው ወይዘሪት ክሮፍት ነገሩን አስረዳችው። «ቃሉ የተጻፈበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ በየወረቀቱ ይገለበጣል፣ ከጥንቱ ወደ ቅርቡም ይደረደራል። ሁለት መቶ ዓመት የጻፈው ካልተገኘ ሞቷል ተብሎ ጩቤ ይደረግበታል።»

«በአፍ ብቻ የሚነገርስ?»

«ሁለት ምስክር ካልቀረበ አይቆጠርም።»

«ዶክተሩን መቼ ነው ያየሻቸው?»

«ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ። ፖስታ ካርድ ሰጡኝ። ፖስታ ቤት አድርሼ እስከ ማታ እህቴ ዘንድ ዋልኩ። ‹ድዌል በ1821 በታተመው የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ አለ ወይ?› ብለው ቤተ መጻሕፍቱን ይጠይቃሉ። መልሱ ሳይመጣ ምልክት የሚያደርጉ ሰው አልነበሩም።»

ፓስክ ለአሥራ አራት ዓመት የዶክተሩ ረዳት ነበር። እጅጌው ላይ አንዲት የቀለም ነጠብጣብ የለችም። «የድዌልን ጥቅል አይቼውም አላውቅም። የእኔ ድርሻ ሌላ ፊደል ነው» አለ።

በማግስቱ ክሬክ ሁሉንም ጸሎት ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«አንድ ወረቀት ጠፍቷል» ብሎ ጀመረ። «ዶክተሩ በፖስታ ካርዳቸው የጠየቁበት የ1821ዱ። ዶክተሩ ወረቀቱ ሐሰተኛ መሆኑን ጠርጥረው ነበር። ገዳዩ ወይኑን መረዘ፣ ወረቀቱን አጠፋ፣ ከዚያ መውጣት ሲገባው ቆም ብሎ ጩቤውን ሣለ። ሄስተር ይህን አታውቅም፣ ማንበብም አትችልም። የወይዘሪት ክሮፍትን ውሎ እህቷም ፖስተኛውም መስክረዋል።»

«ዶክተር ራሳቸው አድርገውት ይሆናል» አለ ፓስክ ረጋ ብሎ።

«መልስ እየጠበቁ? እንግዲያው ምልክቱ ስህተት ነው።» ክሬክ ጥቅሉን ከኪሱ፣ ሰንጢውንም ከአፎቱ አወጣ። «ልፋቀውና ቃሉ በሕይወት ይኑር።» ስለቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«አይንኩት!» ፓስክ ብድግ አለ። «ከ1609 ወዲህ የጻፋት የለም!»

ክሬክ ሰንጢውን ከወረቀቱ አነሳ።

«ጥቅሉን አይቼው አላውቅም ብለውኝ አልነበር?»

ፓስክ ተመልሶ ተቀመጠ። «ቃሏን እናቴ ስትናገራት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። በሕይወት አለች ብለው እንዲመዘግቧት ዶክተርን ብለምናቸው ሁለተኛ ምስክር አምጣ አሉኝ። እናቴ ሞታለች፣ መንደሬ ተበትኗል፣ ከየት ላምጣ? የሌለ መጽሐፍ ጠቅሼ ዓረፍተ ነገር ፈጠርኩ። ነቁብኝ። የአሥራ አራት ዓመት ድካምህን ሁሉ እሳት ውስጥ እከተዋለሁ አሉኝ።»

«ታዲያ በገዛ እጅዎ ለምን ጩቤ አደረጉባት?»

«ማስረጃዋን ካጠፋሁ በኋላ አለች ብዬ ልዋሽ?»

ሰው መግደል ያላቃተው ሰው፣ መዝገብ ማሳሳት አቃተው። ኖብስ አፍሮ የሄስተርን ካቴና ፈታ።

«ለመሆኑ ቃሏ ማን ናት?» አለች የእጇን አንጓ እያሻሸች።

«ድዌል» አላት ክሬክ።

«ድዌል? ያቺ ከአጥር ሥር ያለችው ፍሬ? እኛ አገር ሌላ ስም የላትም እኮ! ታናሽ እህቴን ‹ድዌል እንዳትነኪ› እያልኩ ነው የማሳድጋት።»

ፓስክ ወደ እሷ ዞረ። «ስምንት ዓመት ሙሉ... ሻዬን ስታመጪልኝ... ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ጌታዬ?»