የተገለበጠችው መዝጊያ

ሻሓር ሲገኝ የተኛ ሰው ይመስል ነበር። ጀርባውን መሬት አሳርፎ፣ እግሮቹን ገጥሞ፣ ዐይኖቹን ጨፍኖ። ሄልሜቱ ወልቆ ከትከሻው አጠገብ ተቀምጧል። ሞተር ሳይክሏ ፈንጠር ብላ በጎኗ ወድቃለች። ከረሆቮት ወደ ቤኤር ያዕቆብ በሚያወጣው፣ በብርቱካን እርሻ መሐል በሚያልፈው ጠባብ መንገድ፣ ኩርባዋን ሳይዞራት ቀጥ ብሎ ሄዶ ከኮንክሪት ምሰሶ ጋር ተላትሟል። አንገቱ ወዲያው ነው የተሰበረው አሉ የአምቡላንስ ሰዎች። እ.ኤ.አ. በ2005 ጸደይ፣ ዓርብ ጠዋት ነበር፤ ሰንበት ሳይገባ ቀበሩት።

የትራፊክ መርማሪው ብዙ አልደከመም። ካርቡራተሩን ከፍቶ አየ፣ ነገሩ አለቀለት። እዚያ ውስጥ አንዲት ክብ መዝጊያ አለች። ነጂው እጀታውን ሲጠመዝዝ ወደ ላይ ተንሸራትታ አየርና ቤንዚን ታስገባለች፤ ሲለቀው ሞላ ገፍቶ ወደ ታች ይመልሳታል። አንዱ ጠርዟ የተቆረጠ ነው፤ የተቆረጠው ጎን ወደ አየር መግቢያው መዞር አለበት። የሻሓር መዝጊያ ግን ተገልብጣ ተገኘች። ተገልብጣ የገባች መዝጊያ ጨርሳ አትዘጋም፤ ሞተሩ ሲጮህ ይውላል። ሞተር ሳይክሏን የሠራት ጓደኛው ኡሪ ነው። እንግዲህ የገደለውም ኡሪ ነው፤ የለቅሶው ሰባት ቀን ሲያልቅ ፋይሉ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።

ፋይሉ ከመሄዱ በፊት መርማሪ ይታየሽ እጅ ገባ። ይታየሽ በልጅነቷ ከጎንደር ገጠር ከአይሁድ ወገኖቿ ጋር በሱዳን በኩል የመጣች ሴት ናት። ትንሽ ትናገራለች፣ ብዙ ታያለች። ፎቶዎቹን ስታገላብጥ የሟቹ ሱሪ አንድ እግሩ ላይ በግለት ተጠብሶ አየች። እግሩ ከጋለው ሞተር ላይ ወድቆ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ሬሳው ከሞተር ሳይክሏ ርቆ ምን ያደርጋል? ሞላውን አስመጥታ በአጉሊ መነጽር ስታየው ደግሞ ቀላ ያለ ጭረት አገኘችበት። ሞላው ብረት ነው። ጭረቱ የመዳብ ነው። ካርቡራተሩ ውስጥ መዳብ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሬሳውን መጀመሪያ ያየውን የእርሻ ሠራተኛ ጠየቀችው።

«አልነካሁትም» አለ። «ከሩቅ አይቼ ስልክ ደወልኩ። እንደዚሁ ተኝቶ ነበር።»

ስለዚህ ከእሱ በፊት ሌላ ሰው እዚያ ነበር።

ኡሪን ያገኘችው ሙሳኩ ውስጥ ነው፤ የሻሓር አጎት ማለደ ትራክተርና የጭነት መኪና በሚጠግንበት ጋራዥ። ሁለቱ ልጆች እዚያ አንድ ጥግ ነበራቸው። ኡሪ ባልተነካ መፍቻ ፊት ተቀምጧል።

«አንተ ነህ የሠራሃት?»

«እኔ ነኝ። ጻፊው።»

«ገና ምኑን ጠየቅሁህ?»

«ምን ይጠየቃል! ቮላኖውን፣ የሞተሩን ከባድ ዙር ብረት፣ በቶርኖ ማሽን አስላጨሁት፣ ሞተሩ ቀለለ። እጀታውንም ለወጥኩት፤ ትንሽ ሲነኩት ሙሉውን እንዲከፍት። ‹ገና ሳስብ ትሄዳለች› ይል ነበር፣ እንደዚያ ነበር የወደዳት። እኔ ገደልኩት። ያላ፣ ጻፊ።»

«መዝጊያዋን ገጥመህ ታውቃለህ?»

«ዐይኔን ጨፍኜ እገጥማታለሁ።»

«ገልብጠህስ?»

«መጨረሻ ስገጥማት ሳልገለብጣት አልቀረሁም። ሌላ ማን ነካት?»

ይታየሽ በሥራዋ ቶሎ የሚክድንም ቶሎ የሚያምንንም እኩል ትጠረጥራለች። ወደ በሩ ስታመራ ማለደ የጭነት መኪና ባትሪ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ከፊቷ አለፈ። ሰላምታ ሰጣት፤ መንገድ ለቀቀላት፤ ከሚገባው በላይ ራቅ ብሎ።

የሙሳኩ ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው ድሮ ከሁለቱ ጋር እዚያው ሞተር ሳይክል ይሠራ የነበረው ኢጋል ነው። በሞተር ሳይክል ውድድር ተሸንፎ ከሻሓር ጋር ከተጣላ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ በእሱ ላይ ያንሾካሹካል። ቢሉ ሴንተር የገበያ አዳራሽ ውስጥ ጫማ ይሸጣል።

«አንተ ነህ ‹አንድ ቀን ትጥልሃለች› ያልከው?»

«ብያለሁ። አሸንፎኝ ምን ልበለው፣ እንኳን ደስ አለህ?»

«ቁልፉስ?»

ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ስመልሰው ይስቁብኛል ብዬ ነው ያልመለስኩት። ይኸው።»

«ለቅሶ ደረስክ?»

«ደረስኩ። እናቱ ፊት ነሣችኝ። ቢሆንም አቅፌያታለሁ፤ ከሰዉ ጋር ከአንድ ሳህን በልቻለሁ። ጠላሁት እንጂ እንዲሞት መች ፈለግሁ? አሁን ማንን ላሸንፍ ነው?»

«መዝጊያዋን የገለበጠው ኡሪ ነው ይላሉ።»

ኢጋል ሳቅ ሊል ቃጣውና ተወው። «ኡሪ መዝጊያ ከገለበጠ እኔም ሁለት ግራ ጫማ አንድ ላይ ሸጫለሁ በይ።»

ይታየሽ ከዚያ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች። የሟቹ እናት አስቻለች ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ድምፅዋ አልቋል።

«እትዬ አስቻለች፣ ያን ጠዋት አይተውት ነበር?»

«እንዴት አላየው? ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት አነጋገረኝ። ‹እምዬ፣ ሰንበት ሳይገባ እመጣለሁ› አለኝ።»

«ሞተሩ ይጮህ ነበር? መጮህ ነበረብዎት?»

«ምን ይጮሃል! እንደ ድመት ነው ሲያንኮራፋ የነበረው። ትንፋሹን ሁሉ ሰምቻለሁ።»

ይታየሽ ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። እናትየዋ ግን የራሷን ብሶት አመጣች።

«ያ ኢጋል የሚባለው እንኳ አቀፈኝ። የናቴ ልጅ ማለደ ግን ቤቴ አልገባም። ታች ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። በልጄ ለቅሶ ወንድሜ አላቀፈኝም! ወገቤን ያመኛል፣ ደረጃ አልወጣም ይላል።»

ይታየሽ ወረደች። ማለደ ለብቻው፣ ከሌላው ወንበር በራቀ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። እጇን ዘረጋችለት። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ወገቤ ነው፣ ልጄ።»

ስለ ወገቡ የጠየቀው አልነበረም። አንዲት ሴት ምግብ ይዛ መጣች። «እዚያ አስቀምጪው» አላት፤ እጇን እስክትሰበስብ ጠብቆ አነሣው። በልቶ ሲጨርስ የፕላስቲክ ሳህኑንና ብርጭቆውን በራሱ ከረጢት ከትቶ ቋጠረ።

«አያ ማለደ፣ ሞተር ሳይክልም ይጠግናሉ?»

«እኔ የናፍጣ ሰው ነኝ። ትራክተር አምጪልኝ።»

«የልጁ ፍጥነት ያስፈራዎት ነበር?»

«ማንን አያስፈራ? ተው ብለው የሚሰማ መሰለሽ? እሱ ሲስቅ እሷ ትበር ነበር።»

«ዓርብ ጠዋትስ የት ነበሩ?»

«ሙሳክ። ሌላ የት እሄዳለሁ?»

የሰባቱ ቀን መጨረሻ ጠዋት ይታየሽ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። አስቻለችን ደግፈው አወረዷት። ኡሪ የራሱን ልብስ በከረጢት ይዞ መጥቷል፤ እስር ቤት የሚሄድ መስሎት። ኢጋል ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ማለደ ከአግዳሚው አልተነሣም።

«ኡሪን ልትወስጂው ነው?» አለች አስቻለች።

«እሱን ልነግራችሁ ነው የሰበሰብኳችሁ» አለች ይታየሽ። «መዝጊያዋ ተገልብጣ ገብታ ቢሆን ሞተሩ ገና ሲነሣ ጀምሮ ይጮህ ነበር። እትዬ አስቻለች ግን ልጇን በመስኮት፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ አነጋግራዋለች። ስለዚህ ሻሓር ከዚህ ሲነሣ መዝጊያዋ በትክክል ተገጥማ ነበር። የተገለበጠችው ከሞተ በኋላ ነው።»

ኡሪ ቀና አለ።

«ከሞተ በኋላ ሰው ካርቡራተሩን ከፍቷል። የልጁ እግር ሞተሩ ላይ ወድቆ ነበርና ለመክፈት ሬሳውን ማንሣት ነበረበት። አንሥቶም አልጣለውም። ሄልሜቱን አወለቀለት፣ አስተካክሎ አስተኛው፣ ዐይኑን ጨፈነለት። የሚወደው ሰው ነው።»

«ኢጋል አይሆንማ» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

«አመሰግናለሁ አባባ» አለ ኢጋል።

«ኢጋልም ኡሪም መዝጊያ አይገለብጡም፤ መግጠሙ ልማዳቸው ነው። የገለበጠው ካርቡራተር ልማዱ ያልሆነ ሰው ነው። ናፍጣ ሞተር ካርቡራተር የለውም።»

ሰው ሁሉ ወደ አግዳሚው ዞረ።

«ይሄ ብቻውን አይበቃኝም ነበር» አለች ይታየሽ። «ግን አገር ቤት በእኛ ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ቤት አይገባም፣ ሰው አይነካም፣ ከሰው ዕቃ አይበላም። እዚህ የሚያጥቡትም የሚቀብሩትም የቀብር ማኅበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሻሓርን ከቤተሰቡ የነካው የለም። ልጆቹ ሥርዓቱን አያውቁትም፤ ኢጋልም ኡሪም ያገኙትን ሁሉ ሲያቅፉ ሰነበቱ። አያ ማለደ፣ ወገብዎ የጭነት መኪና ባትሪ ያነሣል። ለፖሊስ ሙሳክ ነበርኩ ማለት ችለዋል። ርኩሰት ይዘው እህትዎ ቤት መግባት ግን አልቻሉም።»

ማለደ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወጣና አግዳሚው ላይ አኖራት፤ ጣት የማትሞላ የመዳብ ቱቦ።

«ልገታው ብዬ ነው» አለ። «ከማቀዝቀዣ ቱቦ ቆርጬ በሞላው ውስጥ አኖርኳት፤ መዝጊያዋ ከግማሽ በላይ እንዳትወጣ። እሱ ሞተሩ ደከመ ብሎ ያስባል፣ እኔ ዕረፍት አገኛለሁ። ጠዋት በፒካፕ ተከተልኩት። ሲዘገይ አይቼ ደስ ሊለኝ።»

«ሞላው ላይ የመዳብ ጭረት አለ፤ የቱቦዋን ጠርዝ አልሞረዱትም» አለች ይታየሽ።

«አልሞረድኩትም። ኩርባዋ ጋ እጀታውን ለቀቀ፣ አየሁት። ሞተር ሳይክሏ ግን ፍጥነት አልቀነሰችም። ሞላው ቱቦዋ ላይ ተነክሶ ቀረ።» ቱቦዋን በጨርቁ መልሶ ሸፈናት። «እህቴ እንዳታውቅ አወጣኋት። መዝጊያዋን ስመልስ ዐይኔ አያይም ነበር።»

ኢጋል ከግድግዳው ተላቆ ቆመ። ኡሪ የልብስ ከረጢቱን እንደታቀፈ ነው። ማንም ያልጠበቀውን ግን አስቻለች ተናገረች፤ ሳትጮህ።

«ያችን ቱቦ እኔም እጄ ቢያውቅበት እቆርጣት ነበር። ልጄን ስለመግታትህ የምልህ የለኝም።»

«እህቴ—»

«ቆይ። ይሄ ልጅ ‹ገደልኩት› እያለ አንተ ፊት ሲያለቅስ ሰነበተ። ወደ እስር ቤት ሊሄድ ልብሱን ቋጥሮ መጣ። አንተ እኔን እንዳታረክስ ሳህንህን ትቋጥራለህ። ይሄ አላረከሰህም?»

ማለደ ተነሣ፤ እጆቹን ለይታየሽ ዘረጋ። ይታየሽ ካቴናዋን አላወጣችም፤ መኪናው ወደቆመበት ብቻ አመለከተችው። እሱም ብቻውን ሄደ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት።

ይታየሽ ኡሪ አጠገብ ስትደርስ ቆም አለች። «ፋይልህ ተዘግቷል። ያንተ እጅ የለበትም፤ እሺ? ቤሰደር?»

«ቤሰደር» አለ ኡሪ። እንደ ደነዘዘ ሰው መኪናው ከሰፈሩ እስኪወጣ ቆሞ አየ። ከዚያ ከረጢቱ ከእጁ ወደቀ፤ መሬት ላይ ተቀመጠ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያለቀሰው የገዳይ ለቅሶ ነበር። አሁን ጓደኛው ሞቶበት አለቀሰ።