ሳያዩ የሚነኩት ስክሪን

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሽቦ አጎቱ የተናገረውን ቃል ብቻ ሳይሆን የተናገረበትን ቀንና የተቀመጠበትን ወንበር ጭምር ያስታውሳል። ቅዳሜ ነበር፤ ምሳ ተበልቶ እናቱ ሰሃን ስታነሳ። አጎቱ በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ሽቦ የሠራውን ሊያሳየው ስልኩን በሁለት እጁ አቀበለው። አጎቱ ደግሞ እንደ ቆሸሸ ሶፍት በሁለት ጣቱ ያዘው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአባባ ስክሪን ነው፣ ጋሼ። የቤቱን ዕቃ የሚያዙበት...»

«የሕፃን ሥዕል ነው እንጂ! እኔ የአባቴን ቤት ዘመናዊ አደረግሁ እንጂ መዋዕለ ሕፃናት አልከፈትኩም።»

ሁለቱ የአጎቱ ልጆች ከት ብለው ሳቁ። ትንሹማ የጠጣው ጭማቂ በአፍንጫው ወጣ። እናቱ ሰሃኑን እንደያዘች ቆም አለች፤ ከዚያ ወደ ኩሽና ገባች። ሽቦ ይህንንም ልብ ብሎታል።

«ደግሞ አደገኛው ዕቃ ነው ከላይ የሚቀመጠው» አለ አጎቱ ስልኩን እየመለሰ። «ምድጃውን ታች ወሽቀኸዋል። ቀለሙስ? ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ! ፊኛ ነው የምትሸጠው? እኛ ሱቅ እንዲህ ያለ ነገር ይዘህ ብትመጣ ዘበኛውም አያስገባህም።»

ሽቦ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ስሙን ያወጡለት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ቀጭን ስለሆነና ከኪሱ ቁራጭ ሽቦ ስለማይጠፋ። ሲናደድ አይጮኽም፤ ስድቡን እንደ ብሎን ሰብስቦ ያስቀምጣል፤ ብቻውን ሲሆን አውጥቶ ያየዋል። በስምንተኛ ክፍል «አንተን ማስተማር ውሃ መውቀጥ ነው» ያለው መምህር አለ። የአጎቱ ግን ከሁሉም የከፋው ነበር፤ ምክንያቱም ሥዕሉ የሽቦ ብቻ አልነበረም።

የሽቦ አያት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሕዝብ አውቶቡስ የነዱ ሹፌር ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከነሽቦ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ሁለት ጊዜ ምድጃ ሳያጠፉ ወጥተው ጎረቤት ደረሰላቸው። ይህን የሰማው አጎቱ ከሚኖርበት ከተማ መጣ። እሱ በስልክ የሚታዘዙ የቤት ዕቃዎች ይሸጣል፤ መብራቱን፣ የውሃ ማሞቂያውን፣ ምድጃውንና የበሩን ቁልፍ በሙሉ ከስልክ ጋር አገናኘው። ግድግዳው ላይ የነበሩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ደግሞ አስነቅሎ ቀዳዳቸውን በነጭ ፕላስቲክ አስከደነ። «ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በአንድ ጣት ነው» ብሎ ሄደ።

ጣትስ አለ፤ ግን ምኑን ይጫን? አፑ ሲከፈት «ክፍል ይምረጡ» ይላል። ክፍሉ ሲመረጥ «ዕቃ ይምረጡ» ይላል። ዕቃው ሲመረጥ ደግሞ «ሁኔታ ይምረጡ» ብሎ ያፈጣል። ፊደሉ የጉንዳን እግር ያህላል። የባሰው ግን ሌላ ነው፦ መጨረሻ የተነካው ዕቃ ራሱን ከሁሉ በላይ ያወጣል። ትላንት መብራት የነበረበት ቦታ ዛሬ ማሞቂያ ሆኖ ይገኛል።

«ይቺ ነገር ቀበጥ ናት» ይሉ ነበር አያቱ። «ዞር ባልኩ ቁጥር ወንበር ትቀይራለች። አውቶቡሴ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ተሳፋሪ ቢኖር አወርደው ነበር።»

አንድ ቀን ሲመሻሽ ሽቦ ሊጠይቃቸው ሄዶ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው አገኛቸው።

«አባባ፣ ምነው መብራት?»

«ዓይኔን እያሳረፍኩ ነው፣ ልጄ።»

ሽቦ በስልኩ መብራቱን አበራ። በሩ አጠገብ ያለው ነጭ ፕላስቲክ በጣት አሻራ ጠቁሯል። አያቱ ድሮ ማብሪያው የነበረበትን ቦታ ሲዳብሱ ነው የዋሉት። ልቡ ስብር አለ፤ ግን ያላየ መስሎ አለፈው።

አጎቱ ይህን ሲሰማ አላዘነም፤ ቀጠሮ ሰጠ። «የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ እመጣለሁ። አራቱንም ዕቃ ሰው ሳይረዳቸው ካዘዙ እዚሁ ይኑሩ። ካልቻሉ ይዣቸው እሄዳለሁ፤ ቤቱም ይከራያል።» የአጎቱ ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እዚያ ከሄዱ ከሽቦ ጋር በዓመት አንዴ ቢተያዩ ነው።

ሽቦ ትምህርት ቤት በኮምፒውተር ክበብ ትንሽ ነገር ለቃቅሟል። አፑም የራስን ገጽ ለመሥራት ይፈቅዳል። እሱ ግን መጀመሪያ ኮምፒውተር አልነካም፤ የጫማ ካርቶን ቆረጠና የታናሽ እህቱን ከለር ይዞ አያቱ ቤት ሄደ።

«አባባ፣ አውቶቡሱ ውስጥ የመብራቱ ማብሪያ የት ነበር?»

አያቱ ወንበር ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እጃቸው የሌለ መሪ ያዘ። ግራ እጃቸው ብድግ ብሎ አየሩን ነካ። «መብራት እዚህ። የተሳፋሪ በር በቀኝ፣ እዚህ። ሙቀት ታች ነው፤ ሞተሩ ታች አይደል?»

«እያዩ ነው የሚነኩት?»

«ምን ማለትህ ነው? ሹፌር እጁን ካየ መንገዱን ማን ያይለታል?»

እንግዲህ ካርቶኑ ላይ አራት ሳጥን ተሣለ። መብራት ከላይ በግራ፣ ቢጫ። በር ከላይ በቀኝ፣ አረንጓዴ። ማሞቂያ ከታች በግራ፣ ሰማያዊ። ምድጃ ከታች በቀኝ፣ ቀይ። ካርቶኑን ግድግዳው ላይ ለጠፉትና ይለማመዱ ጀመር። አያቱ ሳጥን ሲነኩ ሽቦ ዕቃውን ይሆናል። በር ሲነኩ ሮጦ ይከፍታል፤ ማሞቂያ ሲነኩ «ቡልቅ ቡልቅ» እያለ ይፈላል።

«ይሄ ማሞቂያ ሳል ይዞታል እንዴ?» ብለው አያቱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ ሽቦ አይቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ያንኑ ሥዕል፣ ከነቀለሙ፣ ጠርዙ በተሰነጠቀ አሮጌ ታብሌት ላይ አወጣው፤ ታብሌቱንም ካርቶኑ በነበረበት ቦታ በብሎን አሰረው። አንድ ሳጥን አንድ ዕቃ፤ አንዴ ሲነኩት ይበራል፣ ደግመው ሲነኩት ይጠፋል። ቦታ የሚቀይር ነገር የለም። አያቱ በሳምንት ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው እያወሩ፣ እጃቸው ብቻ ሄዶ መብራት ያበራ ጀመር።

አጎቱ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድሞ መጥቶ፣ በቅዳሜው ምሳ «የሕፃን ሥዕል» ያለው ይሄንን ነው።

ቅዳሜ ማታ ሽቦ አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ከፈተ። ቀለሞቹ አሁን እሱንም አሳፈሩት። ስድብ እንዲህ ነው፤ አንዴ ጆሮ ከገባ በሰው ዓይን ያሳይሃል። «ትንሽ ባሳምረው ምን አለ?» አለ ለራሱ። ቢጫውንም ቀዩንም አጠፋና ሁሉንም ግራጫ አደረገው፤ በላያቸው ላይ ቀጫጭን ነጭ ምልክት አስቀመጠ፤ ልክ አጎቱ ሱቅ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀሉት። ቀጥሎም ምድጃውን ከላይ በግራ አወጣው። አደገኛው ይቀድማል፣ አይደል? መብራቱ ወደ ታች ወረደ። «አስቀምጥ» የሚለውን ነካ። ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ አያቱ ግድግዳ ላይ፣ ታብሌቱ ያለ ምንም ድምፅ ተቀየረ።

ጠዋት በማለዳ ሄዶ ሊያስረዳቸው ነበር ሐሳቡ። ነገር ግን እናቱ ዳቦ ግዛ ብላ ላከችው፤ ሰልፍ ነበረ። ዳቦውን ይዞ አያቱ ቤት ሲደርስ የአጎቱ አዲስ መኪና በር ላይ ቆሟል። እናቱም ቀድማው ደርሳ፣ ዕቃ አጣጥባ፣ የዕቃ ማድረቂያ ስስ ፎጣ ምድጃው ላይ ጥላለች፤ ምድጃው መጨረሻ ነው የሚሞከረው፣ እስከዚያ አነሳዋለሁ ብላ።

አጎቱ ታብሌቱ ፊት ቆሞ እጁን ኪሱ ከቷል። «እሺ! አሁን ሰው ሠራው ይባላል» አለ። ዞር ብሎም የሽቦን ትከሻ መታ መታ አደረገው። «ሲነገርህ ትሰማለህ ማለት ነው።»

አጎቱ ሽቦን ሲያመሰግነው የመጀመሪያው ነው። ቃሉ እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ ሟሟ። «አባባ፣ ቦታቸው ተቀይሯል» የሚለው ምላሱ ላይ ነበር፤ ከረሜላው ግን አላስወጣውም። ትንሽ ልቆይ አለ። ትንሽ ብቻ።

«እሺ አባዬ፣ ከመብራት እንጀምር» አለ አጎቱ።

አያቱ ኮታቸውን ለብሰው፣ ተላጭተው፣ እንደ ድሮው ለሥራ የሚወጡ መስለው ነበር። ለሽቦ ዓይናቸውን ጠቀሱት። ከዚያም ሆን ብለው፣ ልጃቸው ችሎታቸውን እንዲያይ፣ ፊታቸውን ከስክሪኑ አዞሩና ግራ እጃቸውን ላኩ። ከላይ በግራ።

መብራቱ አልበራም።

ደግመው ነኩ። ከዚያ ሦስተኛ። ፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት ቀስ እያለ ጠፋ። ሽቦ ሊናገር አፉን ከፈተ። ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው። እናቱ «ፎጣው!» ብላ ጮኸች፤ ከኩሽናው ጭስ ይወጣል። አጎቱ በራሱ ስልክ ምድጃውን አጠፋው፤ እናቱ ፎጣውን ውሃ ውስጥ ነከረችው።

«በቃ» አለ አጎቱ። «ያየሁትን አየሁ።»

አያቱ መነጽራቸውን አወጡና ስክሪኑን ተጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ግራጫ፣ ግራጫ፣ ግራጫ፣ ግራጫ። ከዚያ ሽቦን አዩት። ሁሉም ገባቸው።

«ረሳሁት» አሉ ለልጃቸው። «እርጅና ነው። እጄ ተሳሳተ።»

ሽቦ ያንን ቃል መሸከም አቃተው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእጃቸው ያሳበቡ ሰው አልነበሩም። ሻንጣ ሲያዘጋጁ መኝታ ቤት ድረስ ተከትሏቸው ገባ።

«አባባ፣ ለምን እጄ ነው አሉ? እኔ ነኝ እኮ...»

«አውቃለሁ።» ሸሚዝ እያጠፉ ነው፤ ቀና አላሉም። «ረዳቴ ፌርማታ ተሳስቶ ሲጣራ ጥፋቱ የኔ ነው እል ነበር። ረዳት በተሳፋሪ ፊት አይዋረድም። ይልቅ ያቺን ሹራብ አቀብለኝ።»

አቀበላቸው። ሹራቡ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር።

አጎቱ ሻንጣውን ወደ መኪናው ወስዶ ከጫነ በኋላ ሽቦ ደጁ ላይ ጠበቀው። እናቱም አብራ ነበረች።

«ጋሼ፣ አባባ አልተሳሳቱም። ትላንት ማታ ቦታቸውን የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ሳልነግራቸው። እሳቸው የነኩት የለመዱትን ቦታ ነው። እንደነበረ ልመልሰውና አንዴ ይሞክሩ። አንዴ ብቻ።»

እናቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አጎቱ ግን ፈገግ አለ፤ ያ ፈገግታ ከቁጣ ይብስ ነበር።

«ታዲያ ይሄ ምን ይለውጣል? አንተ ከአልጋህ ሆነህ በጣትህ የምታቃጥለው ቤት ውስጥ ነው አባቴን የምተወው?»

«ተወው በቃ፣ ልጅ ነው» አለች እናቱ። በዚህ ሁሉ ቀን ስትናገርለት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ልጅ ነው! ድሮስ ምን አልኩ? የሕፃን ሥራ ነው አልኩ። ነካክቶ ማበላሸት፤ ከዚያ ሌላ ሰው ይጥረገው! ምነው፣ አፍህ ተለጎመ? ትላንት እኮ መሐንዲስ ነበርክ። መልስ እንጂ!»

መልስማ ነበረው። ከቅዳሜ ምሳ ጀምሮ ሲስለው ያደረ መልስ ነው። ማብሪያውን ከግድግዳ የነቀለው ማን ነው? እሳቸው በጨለማ ሲዳብሱ የት ነበርክ? አንዴ ቢወረውረው የሚገባበትን ቦታ ያውቃል። አፉን ከፈተ።

በአጎቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ አያቱን አየ። መኪናው አጠገብ ቆመዋል። የአዲሱ መኪና በር እጀታ አይታይም፤ ከቆርቆሮው ጋር እኩል ተለስኗል፤ ጫፉን የሚጫነው ሰው ብቻ ነው የሚያወጣው። አያቱ መዳፋቸውን በሩ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ያንሸራትታሉ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ደግሞ ወደ ላይ። መንገደኞች እያዩ ያልፋሉ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዱት ሰው መኪና መክፈት አቅቷቸው፣ ሰው እንዳያውቅባቸው አቧራ የሚጠርጉ መሰሉ።

«እየጠበቅሁ ነው» አለ አጎቱ።

ሽቦ በአጠገቡ አልፎ ሄደ። በሩን ግን አልከፈተላቸውም። ከጎናቸው ቆመና የአያቱን እጅ ያዘ፤ ጣታቸውን ቀስ አድርጎ ወስዶ እጀታው ጫፍ ላይ አስቀመጠው።