ዳይሱ የማይደጋገምበት ደብተር

«አንድም ቦታ አልተደገመም» አለች ፕሮፍ፣ ደብተሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ።

«ምኑ?» ፍንዳታ ስፖንጁን እየጨመቀች ጠየቀች።

«ዳይሱ። ስልሳ ጊዜ ተጥሎ አንድ ቁጥር እንኳ ሁለቴ ተከታትሎ አልወጣም።»

ሥራው ክፍሉ ፕሮፍና ፍንዳታ እያለ የሚጠራቸው የሁለቱ ጓደኛሞች ነበር። የመስታወቱ ገንዳ ከታች ሰማያዊ ቀለም የገባበት ጨዋማ ውሃ፣ ከላይ ንጹህ ውሃ ይዟል። ገንዳው ውስጥ ያለው መቅዘፊያ ሲገፋ ላዩ ጸጥ እንዳለ ነው፤ ሞገዱ የሚነሳው ውስጥ፣ ሁለቱ ውሃዎች በሚገናኙበት ላይ ነው። ስንት ሰከንድ ቆይተው እንደሚገፉ የሚወስነው ዳይስ ነው፤ ሰው ከመረጠውማ ምኑን ዘፈቀደ ሆነ? የሞገዱን ቁመት አስቀድሞ የሚገምተውን ቀመር ፕሮፍ ሠራች። ማክሰኞ አሟት ስትቀር መለካቱን ለጓደኛዋ ተወችላት። ነገ ደግሞ ሥራው በትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ላይ ይቀርባል።

«ዕድል ነዋ» አለች ፍንዳታ።

«ሉዶ ስንጫወት ስድስት እየተደጋገመልሽ ስንቴ አሳብደሽኛል?»

ፍንዳታ ስፖንጁን አስቀመጠችው። «እሺ፣ ፈጠርኩት። ሦስቴ ለካሁ፤ ሦስቱም ካንቺ ቀመር ጋር አልገጥም አሉ። ነገ በሰው ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ነው።»

ፕሮፍ ግራፉን አየችው። ነጥቦቹ የሷ ቀመር ባወጣው መስመር ላይ ተደርድረዋል። ጠዋት ስታያቸው በደስታ ልትፈነዳ ነበር፤ አሁን ግን አፈረች፣ ተናደደችም።

«ሆድ ይፍጀው፤ ማን ያውቃል?» አለች ፍንዳታ ቀስ ብላ።

የፊዚክስ መምህሩ አንገታቸውን በበሩ አስገቡ። «አለቀ? አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዘጋለሁ።»

ሰዓቱ አሥር ሆኗል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢበዛ አሥራ ሁለት ጊዜ ይለካል። አሥራ ሁለቱ ቀመሯ ስህተት መሆኑን ለማሳየት በቂ ናቸው።

«አላለቀም፣ ቲቸር። የያዝነው ቁጥር ትክክል አይደለም፤ እንደ አዲስ እንለካለን» አለች ፕሮፍ።

መምህሩ ጥቂት አይተዋቸው ሄዱ። ፕሮፍ ስልሳዎቹ ላይ በእስክሪብቶ ሰረዘችና ዳይሱን ጣለች። አራት። መቅዘፊያውን አራት ሰከንድ ቆይታ ገፋችው። ሰማያዊው ውሃ ቀመሩ ከሚለው በላይ ከፍ አለ። ውሃው እስኪረጋ ጠብቃ እንደገና ጣለች።

«አራት» አለች ፍንዳታ። ሦስተኛው ሲጣል እስክሪብቶዋን ከደብተሩ አነሳች። «እንደገና አራት። አሁን ይሄን ማን ያምነናል?»

«ጻፊው» አለች ፕሮፍ፣ ዓይኗን ገንዳው ላይ ከተለጠፈው ማስመሪያ ሳታነሳ።