የእናቴ ስምንት ሴኮንድ

ከተማችን ጭሮ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ጨዋታ ሲደራና፣ እገሌ የሞተ አጎቱን መንገድ ላይ አገኘው፣ እገሊት ቤት ድስት በራሱ ተንኳኳ መባል ሲጀመር፣ እኔ "ስንት ሰዓት ላይ? መብራት ነበረ? ከስንት ሜትር ርቀት?" እያልኩ ወሬውን የማበላሽ ሰው ነኝ፣ ጓደኞቼም ገና አፌን ስከፍት "አቦ ተወና!" ይሉኛል። ስለዚህ እመኑልኝ ብዬ አላስቸግራችሁም፣ የሆነውን ብቻ ሳልጨምር ሳልቀንስ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ፀሐዩ የቤቱን ቆርቆሮ ጧ ጧ በሚያሰኝበት ሰዓት።

አኒሜሽን የተማርኩት ብቻዬን ነው። ቀን ቀን ጀማል በሚባል ጓደኛዬ የሰርግ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ምስል እየቆረጥኩና እየቀጠልኩ እሠራለሁ፣ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ወረቀት ላይ ሥዕል እየሣልኩ፣ አንድ በአንድ በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ፣ እንዲንቀሳቀሱ አደርጋለሁ። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ አዲስ አበባ ውስጥ አኒሜሽን፣ ዲጂታል ቪዲዮና ኢንተራክቲቭ ሚዲያ የሚያስተምር ኮሌጅ አለ፣ እዚያ መግባት። ባለፈው ዓመት ሥራዬን ልኬ "እጅህ ጥሩ ነው፣ ሰዎችህ ግን ክብደት የላቸውም፣ መሬቱን አይረግጡትም" ብለው መለሱኝ፣ አልዋሹም። ማመልከት የሚቻለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ዘንድሮ ካልሆነ አበቃ ማለት ነው።

የዘንድሮው ፈተና እንዲህ የሚል ነበር፣ የምታውቁትን ሰው አረማመድ የሚያሳይ ቪዲዮ ውሰዱ፣ ያንኑ በእጃችሁ ሥላችሁ አንቀሳቅሱ፣ ሁለቱንም ላኩ፣ ጎን ለጎን አጫውተን እናያለን።

እኔ እናቴን መረጥኩ።

እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ፎቶ አላት፣ የምትንቀሳቀስበት ምስል ግን በዓለም ላይ ስምንት ሴኮንድ ብቻ ነው ያለው፣ የጀማል አባት ከብዙ ዓመት በፊት በካሴት በቀረጹት የጎረቤት ሰርግ ላይ፣ ለስላሳ የተደረደረበት ትሪ ይዛ ከድንኳኑ ግራ ገብታ በቀኝ በኩል ትወጣለች። ካሜራውን ቀና ብላ እንኳን አላየችም፣ ሥራ ላይ ናት። ካሴቱን ጀማል ወደ ፍላሽ ገልብጦልኝ ነበር፣ እኔም እንባ ሲያምረኝ ብቻ ነበር የምከፍተው።

እናቴ ታነክስ ነበር፣ ይህን ካላወቃችሁ የቀረው አይገባችሁም። አባቴ ያኔ የአይሱዙ ሹፌር ነበር፣ ከመቻራ ቡና እየጫነ ጭሮ የሚያመላልስ፣ እሷም እኔን የስምንት ወር እርጉዝ ሆና ዘመድ ጠይቃ ስትመለስ ጋቢና ተቀምጣለች፣ የዚያን ቀን ረዳቱ ታሞ ቀርቷል። ዝናብ ዘንቦ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም፣ አባቴ ፍሬኑን እንደረገጠ "ብዙዬ፣ ውረጂና ታኮ አድርጊልኝ" አላት፣ ድንጋይ ከጎማው ሥር ክተቺልኝ ማለቱ ነው። ወረደች፣ ድንጋዩን ከኋላ ጎማው ሥር አስገባች፣ መኪናው ግን አንድ ክንድ ያህል ተንሸራተተ። ቀኝ እግሯ ከዳሌዋ ጀምሮ ዳግመኛ እንደ ድሮው አልሆነም። እኔ በዚያው ሌሊት ገለምሶ ተወለድኩ። አባቴ ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም፣ ዋናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ከፍቶ የሰው ጎማ ሲለጥፍ ይውላል። ስለዚያች ዳገት ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም፣ ታሪኩን የነገረችኝ እሷው ናት፣ እየሳቀች።

እኔ ልጅ ሆኜ መምጣቷን የማውቀው በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነበር፣ የግቢያችን ሲሚንቶ ላይ ጠቅ፣ ሸፍ፣ ጠቅ፣ ሸፍ፣ ግራዋ ይረግጣል፣ ቀኟ ይጎተታል። ክብደት የላቸውም አይደል ያላችሁኝ፣ አልኩ ኮሌጆቹን በልቤ፣ ክብደት ላሳያችሁ።

ስምንቱ ሴኮንድ በሴኮንድ ሃያ አምስት ምስል፣ ሁለት መቶ ምስል ነው። አንዱን እየዘለልኩ መቶ ሥዕል ሣልኩ፣ ወረቀቱን ላፕቶፑ ላይ እየለጠፍኩ፣ ስክሪኑ ከኋላ እያበራልኝ፣ የትከሻዋን፣ የዳሌዋን፣ የጫማዋን መስመር እየተከተልኩ። ሁሉንም ቁጥር ሰጠኋቸው፣ አራቱም ማዕዘን ላይ እንዳይዛነፉ ምልክት አደረግሁ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ጨርሼ አጫወትኩት።

እናቴ ገባች፣ ትሪውን ይዛ ሄደች፣ ወጣች። አላነከሰችም።

መጀመሪያ ያሰብኩት እናንተ አሁን የምታስቡትን ነው፣ አንዱን እየዘለልኩ ስለሣልኩ ማነከሷ ከዘለልኩት ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። ስለዚህ የቀረውንም መቶ ሣልኩ፣ ሌላ ዘጠኝ ቀን፣ ሁለት መቶውም ሞላ። አጫወትኩት። ቀጥ ብላ፣ ሁለቱም እግሯ እኩል እየረገጠ፣ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ሄደች። ወረቀቶቹን ይዤ ወደ ጀማል ሮጥኩ።

"ፕሮፌሰር መጣ!" አለ፣ ሁልጊዜ የሚለኝ እንዲህ ነው። "ዛሬ ደግሞ ስንት ሚሊሜትር ተሳሳትን?"

"ቀልዱን ተወውና እይ። ግራ በኩል ቪዲዮው ነው፣ ቀኝ በኩል የኔ።"

አየ። ወንበሩን ሳበ። "ቆይ፣ አቁመው" አለ። አቆምኩት። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ትከሻዋን ከትከሻዋ፣ እግሯን ከእግሯ አስተያየ። "አንድ ነው። ልቀቀው።" ለቀቅኩት። "አንድ አይደለም! አቁመው። አንድ ነው። ወላሂ አንድ ነው፣ አቦ! ልቀቀው..." አሥር ጊዜ ያህል እንዲህ አደረግን፣ ስናቆመው ሁለቱ ምስሎች የፀጉር ያህል እንኳን አይለያዩም፣ ስንለቀው በግራ በኩል አንዲት የምታነክስ ሴት፣ በቀኝ በኩል አንዲት የማታነክስ ሴት፣ እኩል ገብተው እኩል ይወጣሉ። ጀማል በመጨረሻ ላፕቶፑን ራሱ ዘጋው።

"ስማኝ ወንድሜ፣ እኔ ከሰርግ ሌላ አላውቅም። ይሄን ነገር ከቤቴ ይዘህልኝ ውጣ።"

"ምን ይመስልሃል?"

"ምንም አይመስለኝም። ማታ ቁርአን አስቀራለሁ፣ አለቀ።" ሳቀ፣ ግን እስከ በሩ አልሸኘኝም።

ለመላክ ሦስት ቀን ቀርቶኛል። ጎን ለጎን ሲያዩት ቪዲዮውን እንዳልተከተልኩ ነው የሚገባቸው፣ በዚህ ምክንያት ብቻ እወድቃለሁ። ያለኝ አማራጭ አንድ ነበር፣ መስመሩን ትቼ ማነከሷን በግድ መሣል፣ ቀኝ ትከሻዋን ከቪዲዮው ይበልጥ ዝቅ ማድረግ፣ እግሯን ይበልጥ ማስጎተት። ቤት ገብቼ ይህንን ጀመርኩ፣ አባቴ ምሳ በልቶ ወደ ሥራው ሳይመለስ አረፍ ብሎ ነበር፣ ከኋላዬ መምጣቱን አልሰማሁም። ስክሪኑ ላይ እናቴ እየደጋገመች ትሄዳለች።

"ናቲ" አለ፣ ድምፁ የሱ አይመስልም። "ይህን ከየት አመጣኸው?"

"ከሰርጉ ቪዲዮ ነው አባባ፣ ሣልኩት።"

"ከሰርጉ አይደለም። በሰርጉማ..." አልጨረሰውም። አጠገቤ ቁጢጥ አለ፣ የጎማ ጥቁር የማይለቀው እጁን ስክሪኑ ጫፍ ላይ አሳረፈ። "እንዲህ ነበር የምትሄደው። መጀመሪያ ሳያት፣ መቻራ ገበያ፣ ልክ እንዲህ። ይህች እኮ ገና አንተን ያልወለደችው ብዙዬ ናት።" ፊቱ በራ፣ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

ያኔ ነው የሰማሁት። ሥራዬ ድምፅ የለውም፣ ዝም ያለ ሥዕል ነው፣ ላፕቶፑም ድምፁ ተዘግቶ ነበር፣ አረጋግጫለሁ። ግቢው ውስጥ ግን፣ ሲሚንቶው ላይ፣ የሴት ጫማ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እኩል። ከበሩ ወደ ኩሽናው በኩል። አባቴ ቀና አለ፣ እሱም ሰምቷል ማለት ነው፣ ተነስቶ በሩን ከፈተው። ፀሐዩ ሲሚንቶው ላይ ነጭ ብሎ ተኝቷል፣ ዶሮዎቹ ጥላ ውስጥ እንደተኮራመቱ ናቸው፣ አንዷም አልበረገገችም። ማንም የለም። አባቴ በሩ ላይ ትንሽ ቆመ፣ ዘወር ሲል እያለቀሰ ነበር፣ ደስ ብሎት።

"ምን እየሠራህ ነበር? ምን ልታደርጋት ነበር?" አለኝ የጀመርኩትን ወረቀት እያየ።

"እንደ ቪዲዮው ላስተካክላት ነዋ። አለበለዚያ አይቀበሉኝም አባባ፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው።"

"አታስነክሳት።"

"አባባ..."

"እኔ አንዴ አድርጌዋለሁ፣ አንተ አትድገመው። እባክህ ልጄ።"

አባቴ እኔን እባክህ ብሎኝ አያውቅም። የጀመርኩትን ወረቀት ቀደድኩ፣ እሁድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሁለቱንም፣ ቪዲዮውንና የማታነክሰዋን፣ እንዳሉ ላኩ። ተስፋዬን ቆርጬ ነው የላኩት። ማታ አባቴ የሣልኳትን በስልኩ እንድጭንለት ጠየቀኝ፣ ጫንኩለት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከኮሌጁ አንዲት መምህርት ደወሉልኝ።

"እንኳን ደስ ያለህ፣ ገብተሃል" አሉኝ። "ከቪዲዮው ጋር ጎን ለጎን ደጋግመን አጫወትነው፣ እንዲህ የተጠነቀቀ ሥራ ዘንድሮ አላየንም። አንዲት እርምጃ እንኳን አልሳትክም።"

ለመጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። "ማነከሷስ?" አልኩ በምትኩ።

"የምን ማነከስ?"

"ቪዲዮው ላይ... ሴትዮዋ ታነክሳለች።"

ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ፣ አጠገባቸው ላለ ሰው የሆነ ነገር ጠየቁ። "ሌላ ቪዲዮ ከላክህ እኛ ጋ አልደረሰም" አሉ። "የኛዋ ሴት ትሪ ይዛ ነው፣ ደህና አድርጋ ትሄዳለች።"

ፍላሹ አለኝ፣ እመኑኝ፣ አሁን ይህን ስጽፍ እንኳን ኪሴ ውስጥ ነው፣ መክፈት ግን አልቻልኩም። ከፍቼው እያነከሰች ካገኘኋት እነዚያ ያዩት ታዲያ ማንን ነው? ሳታነክስ ካገኘኋት ደግሞ፣ ጠቅ፣ ሸፍ እያለች የመጣችልኝ እናቴ ከዓለም ላይ የቀረችው እኔ ጆሮ ውስጥ ብቻ ነው፣ ያጠፋኋትም እኔው ነኝ፣ በሁለት መቶ ወረቀት። ያን ድምፅ ለማስታወስ አንዳንዴ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በጣቴ ግድግዳውን እመታለሁ፣ ግራው ይመጣልኛል፣ ቀኙ እምቢ ይለኛል።

ወደ አዲስ አበባ የምሄድ ዕለት ጠዋት፣ ሻንጣዬን ይዤ አባቴን ልሰናበት ወደ ጎሚስታው ሄድኩ። ስልኩን ኮምፕረሰሩ ላይ አስደግፎ፣ አንድ የተነፈሰ ጎማ ጉልበቱ ላይ እንደያዘ፣ እያያት ነበር።

"አባባ፣ መሄዴ ነው" አልኩት።

አልሰማኝም። ደገምኩት። ቀና አለ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ፈገግ ብሎ፣ ለመንገደኛ ሁሉ በሚያሳየው ትህትና፣ "ደህና አደርክ ወንድሜ፣ ጎማ ነው?" አለኝ።

ወዲያው "ውይ! ናቲ!" ብሎ ተነሳ፣ በራሱ ሳቀ፣ "እርጅና እኮ ነው" አለ፣ አቀፈኝ፣ ጸለየልኝ፣ ጃኬቴን በጎማ ጥቁር አበላሸው። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ፣ "ገና አንተን ያልወለደችው" ያላት ግን ትዝ አለኝ።

ትምህርቱ ጥሩ ነው። አስተማሪዎቹ አሁን ክብደት አለህ ይሉኛል። እሁድ እሁድ ለአባቴ እደውላለሁ፣ ስልኩ ላይ ስሜ ተጽፎ እያየ ያነሳዋል፣ "ሃሎ" ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ እኔም ራሴን አልናገርም፣ እሱ ስሜን እስኪጠራ ድረስ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት እንኳን አልደርስም ነበር። ባለፈው እሁድ ዘጠኝ ደረስኩ፣ ከበስተጀርባው በጎሚስታው ሲሚንቶ ላይ የሚሄድ የሴት ጫማ ነበር፣ ተረጋግቶ፣ እኩል እየረገጠ።