በተዘጋው ሳጥን ውስጥ የዋለው ቀትር

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ሰው ጋኔን አየሁ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ጠጥተህ ነበር ብዬ ነው፣ ዲላ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክርልኛል። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ለዚያውም ተጠራጣሪ፣ ሚስቴ ወጡ ጨው አለው ብትለኝ እንኳ ቀምሼ ነው የማምናት።

ነገሩ የመጣው በማስተርስ ጥናቴ ነው። ፔሮቭስካይት የሚባል አዲስ የፀሐይ ሴል አለ፣ ርካሽ ነው፣ ብርሃን አያባክንም፣ ግን እርጥበት ከነካው ጥቁር ቀለሙ ወደ ቢጫ ይለወጥና ይሞታል፣ በጌዴኦ ዝናብ እንግዲህ አስበው። የእኔ ሥራ ፖሊመር ከሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር ስስ ሽፋን ማልበስ ነበር፣ ኤሌክትሪኩን የሚያሻግር፣ እርጥበቱን የሚከለክል። ከዚያ በፊት የሠራኋቸው ሴሎች ሁሉ ቢጫ ሆነውብኛል፣ አማካሪዬ ዶክተር አስቴርም "እነዚህ አዲሶቹም ከሞቱ ጥናቱን እንዘጋዋለን፣ ከዚህ በኋላ ማራዘሚያ የለም" ብላኛለች፣ የዓመታት ልፋቴ ገደል ሊገባ ነው።

ስለዚህ ሴሎቹን ባንኮ ጎቲቲ ወዳለ አንድ የቡና ማጠቢያ ወሰድኳቸው፣ ቡናው ተነስቶ ባዶ በቀረ የማድረቂያ አልጋ ላይ፣ የሚያመነጩትን ኤሌክትሪክ እየለካ ንባቡን ከሚያስቀምጥ ቴስተር ጋር አሰርኳቸው፣ ለጥበቃው ለጋሽ በራሶ አደራ ብዬም ተመለስኩ። ከሳምንታት በኋላ ስሄድ አንዱም ቢጫ አልሆነም፣ የቀትሩ ንባብ ሙሉ ነው፣ እመነኝ በደስታ ልጮህ ነበር።

"ጋሽ በራሶ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዴት ጠበቁልኝ?"

"በየቀኑ ቀትር ላይ ሸራ አለብሳቸዋለሁ" አሉኝ ኮራ ብለው።

"ሸራ? ለምን?"

"ፀሐይ ይሰነጥቃቸዋል ብዬ ነዋ፣ መምህር! ቡናም ቀትር ላይ ካልሸፈንከው ይሰነጠቃል።"

የፀሐይ ሴል ከፀሐይ ሲሸሸግ አስበው! ልስቅ ስል ሸራውን አየሁት፣ ወፍራም ነው፣ ጥቁር ነው፣ ታዲያ ያ ሙሉ የቀትር ንባብ ከየት መጣ? ወይ ሽማግሌው ይዋሻሉ፣ ወይ አንድ ተንኮለኛ ቴስተሬን ነካክቶታል አልኩ። በእኛ ሥራ ደግሞ ከሁሉ በፊት ጨለማ ውስጥ ይለካል፣ እዚያ ዜሮ ካልመጣ ውጤቱ በሙሉ ውሸት ነው፣ ፈታኞች መጀመሪያ የሚጠይቁህም እሱን ነው።

አመሻሽ ላይ ጉሙ ወረደ። በጥበቃ ቤቱ ውስጥ፣ ጋሽ በራሶ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ሴሎቹን ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከትቼ ዘጋሁ፣ ሽቦው የሚወጣበትን ቀዳዳ በፕላስተር ደፈንኩ፣ ቴስተሩ ግን ያንኑ ሙሉ ንባብ እያሳየ ቀትር ነው አለኝ። ባትሪ ቀየርኩ፣ ሽቦውን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ያው ቀትር።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ደረቅ ቡና በእጅ ሲገላበጥ ሽርር የሚለውን ታውቀው የለ፣ እሱ ነው፣ ከባዶው አልጋ በኩል። ሽርር ሲል ቁጥሩ ይወርዳል፣ ዝም ሲል ይመለሳል፣ ልብ በል፣ ንባብ እንደዚያ የሚወርደው በፀሐዩና በሴሉ መካከል ሰው ሲያልፍ ነው።

"ውጭ ማን አለ?" አልኳቸው።

ጋሽ በራሶ ሸራውን ይዘው ወጡና አልጋውን ቀስ አድርገው ሸፈኑት፣ ድምፁም ቆመ። ሲገቡ "ባዶ አልጋ ምን ብለው ይሸፍናሉ?" ብላቸው፣ "ባዶ መሆኑን ወጥተህ አይተሃል?" አሉኝ ፊታቸውን አዙረው። አልወጣሁም፣ ፈርቼ ነበር።

ሲነጋ ዲላ ተመልሼ ሴሎቹን ለዶክተር አስቴር አሳየኋት። "ተመስገን፣ ጥቁር ናቸው! በቃ ተመረቅክ!" አለች፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ የሽማግሌው ተንኮል ነው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ለጨለማው ልኬት ሳጥኑን ራሷ ዘጋችው፣ የላብራቶሪውን መብራት ራሷ አጠፋች፣ ቴስተሩ ቀትር አለ። ምን አድርገህበት ነው በሚል ዓይን አየችኝ፣ ተጠርጣሪው እኔ ሆኜ አረፍኩት። ወዲያው ቁጥሩ ወረደ፣ ወርዶም አልተመለሰም።

"ገለል በል እንጂ፣ ጋረድከው" አለችኝ ከልማድ።

እኔ በሩ ጋ ነበርኩ። ሳጥኑም እንደተዘጋ ነበር።

ጥናቱን እስከ ዛሬ አላቀረብኩም፣ እሷም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም። ሴሎቹ አሁንም ጥቁር ናቸው፣ ሳጥኑ እኔ ቤት ነው፣ ቀትር ሲሆን ሸራ አለብሰዋለሁ፣ ሚስቴ ለምን ስትለኝ ይሰነጠቃል እላታለሁ።