ያልተወለደው አጎት

ማያንን ፍቅር የያዛት መሰላል ይዛ ቆማ ሳለ ነው።

የተማረችበት የፔታ ቲክቫው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ቲኮኑ፣ ስድሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ሽር ጉድ ይላል። ትናንት የማጠናቀቂያ ፈተናውን ባግሩትን የተፈተነችበት ይኸው ትምህርት ቤት ዛሬ የታሪክ አስተማሪ አድርጎ ቀጥሯታል፤ እንደ አዲስ ሠራተኛ ደግሞ ሌላው የሸሸው ሥራ ሁሉ እሷ ላይ ይወድቃል። የድሮ ተማሪዎችን ፎቶግራፎች በረጅሙ ኮሪደር ላይ መስቀል የእሷ ድርሻ ሆነ። ከፎቶዎቹ በላይ መብራት ሊዘረጋ የመጣው ኤሌክትሪሺያን አልሞግ ይባላል። ከደቡቡ ከተማ ከቤርሼባ መጥቶ ኔቬ ኦዝ ሰፈር ቤት ከተከራየ ገና ዓመት አልሞላውም።

«አጥብቀሽ ያዢው እንጂ!» አላት ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ሆኖ።

«ይዤዋለሁ። ምን ያስፈራሃል?»

«ወድቄ ብሰበር ማን ያስታምመኛል?»

«እናትህ ናታ!»

«እናቴ ቤርሼባ ናት። ሩቅ ነው።»

ቀና ስትል ቁልቁል ያያት ነበር። ተማሪ በምላስ የማይረታት ማያን መሰላሉን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች።

ፎቶዎቹን እየሰቀሉ ሰነበቱ። በዕረፍት ሰዓት፣ በደወል ፋንታ ዘፈን ሲለቀቅ፣ ልጆቹ ሳንድዊቻቸውን እየገመጡ ይከቧቸዋል። «ሞራ፣ ይሄ ፀጉሩ ዣንጥላ የሚያህለው ማነው?» ብለው አስተማሪያቸውን እየጠየቁ ይስቃሉ። አንድ ቀን፣ ከጎንደር የመጡት ልጆች ዕብራይስጥ ይማሩበት የነበረው የግቢው የቆርቆሮ ክፍል፣ ካራቫኑ፣ ፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ወጣ። ሁለት ቀጫጭን ልጆች ተቃቅፈው ቆመዋል።

«አባቴ ነው!» አለ አልሞግ። «ብሩ!»

«ጎኑ ያለው የኔ አባት ነው! ፍቅሬ!»

አልሞግ፣ አባቱ ከውትድርና በኋላ ወደ ደቡብ መሄዱን ነገራት። የማያን አባት ደግሞ እዚሁ ኤን ጋኒም ሰፈር ቀርቷል። ልጆቻቸው በአንድ ኮሪደር ላይ መገናኘታቸው ለማያንና ለአልሞግ የእግዜር ሥራ መሰላቸው። ያን ዕለት ማታ ገበያው አጠገብ ፈላፈል በሉ፤ በማግስቱም አልተለያዩም። ማያን በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

ጡረታ የወጣችው መምህርት ሽሎሚት ፎቶዎቹን ልታይ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ የመጡትን ልጆች ያስተማረች፣ ስማቸውን ሁሉ የማትረሳ ደግ ሴት ናት። የማን ልጆች እንደሆኑ ሲነግሯት ሁለቱንም አንድ ላይ አቀፈቻቸው።

«የአጎት ልጆቹ ልጆች! አጎታቸው የሞተ ጊዜ እኮ አባቶቻችሁ ሳምንት ሙሉ ሐዘን ተቀምጠዋል። እኔ ራሴ ነኝ ኬክ የላክሁላቸው።»

አቅፋቸው፣ ጉንጫቸውን ስማ ሄደች። የጣለችባቸውን ነገር አላወቀችም።

ቤተ እስራኤል ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥራል። እስከ ሰባተኛው ትውልድ የተዛመደ ወንድምና እህት ነው፤ አይጋባም። አባቶቻቸው የአጎት ልጆች ከሆኑማ ምኑ ይቆጠራል!

«አባቴን ልጠይቀው» አለ አልሞግ።

«ምን ብለህ? እህቴን ወደድኩ ብለህ? ደግሞ መልሱን ሰምተነዋል። ተወው በቃ። በሰደር? እሺ በለኝና ተወው።»

መሳሪያውን ሰብስቦ እስኪወጣ ድረስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች። ከዚያ ወዲያ ሲደውልላት አታነሳም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኤን ጋኒም፣ አያቷ እማማ አሰፋች የቀረበላትን ምግብ ሳትነካ ስታነሳው አዩ።

«ነይ እስቲ ተቀመጪ። ምን ሆነሻል? ከስተሽ ከስተሽ አጥንትሽ ቀረ እኮ።»

«ምንም አልሆንኩም፣ እማማ።»

«ማነው?»

ማያን ልታስተባብል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። መሰላሉን፣ ፎቶውን፣ የሽሎሚትን ወሬ፣ ሁሉንም ዘከዘከችው። እማማ አሰፋች አጎት ሞተ የሚለው ላይ ሲደርሱ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

«የማን አጎት? የኔን ዘር፣ የባሌን የላቀውን ዘር ጠንቅቄ አውቃለሁ። እስራኤል ከገባን ወዲህ ከኛ ወገን ማን እንደሞተ የማላውቅ መሰለሽ? ብሩ የሚባል የወንድም ልጅ የለንም! ፍቅሬ! አንተ ፍቅሬ!»

የማያን አባት የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ከደጅ ገባ።

«ትምህርት ቤት ሳለህ የሞተው አጎትህ ማነው?»

ፍቅሬ ልጁን አየ፤ እናቱን አየ፤ ከዚያ እንደ ተማሪ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«የለም፣ እማ።»

«የለም ማለት?»

«አልተወለደም።»

ቀስ እያለ ተናዘዘ። ከብሩ ጋር ባሕር ማየት አማራቸው። በሕይወታቸው ባሕር አላዩም። አንድ ቀን ጠፍተው ቴል አቪቭ ሄደው አዩት፤ አንድ ቀን ግን አልበቃቸውም። ሐዘን ደግሞ ሰባት ቀን ነው። የሁለታችንም አጎት ሞተ ብለው ሳምንት አገኙ።

«ሽሎሚትስ እንዴት አመነቻችሁ?»

«አስተማሪ ፊት ዓይን መሬት ነው ብላችሁ አይደል ያሳደጋችሁን? ቀና ብለን ብናያት ኖሮ ወዲያው ታውቅብን ነበር።»

«ኬኩንስ?»

«በላነው።»

እማማ አሰፋች መሳቅም መቆጣትም አማራቸው። «ሳይወለድ ሰው ቀበርክ! አሁን ደግሞ የልጅህን ዕድል ልትቀብር! በበዓሉ ቀን ሄደህ አስተማሪህ እግር ላይ ትወድቃለህ። ያላ፣ ቶሎ በል፣ ሰንበት ሳይገባ ብሩ ዘንድ ደውል። አጎቱ ውሸት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ሰባት ቤቱ ይቆጠር!»

ከስንት ዘመን በኋላ የሁለቱ ሰዎች ድምፅ ተገናኘና «አንተ ሌባ!» ተባባሉ። ብሩ ስልኩን ለአባቱ ለአባ ሹሜ ሰጠ። ቆጠራው ተጀመረ። እማማ አሰፋች አንድ ስም ሲጠሩ አባ ሹሜ ከዚያ ማዶ ሌላ ይመልሳሉ። አምስተኛው ቤት ላይ ሁለቱም «ቢልልኝ» አሉ። ማያን የወንበሩን ክንድ ጨበጠች።

«የየት አገሩ ቢልልኝ?» አሉ እማማ አሰፋች።

«የወገራው፤ አንካሳው።»

«የኛ የጭልጋው ነው። እግሩም ደህና ነበር።»

ቆጠራው ቀጠለ፤ በአባትም ሄዱ፣ በእናትም ዞሩ። በመጨረሻ እማማ አሰፋች ስልኩን ለልጃቸው መለሱና ወደ ማያን ዞሩ።

«ባዳ ነው» አሏት።

በአማርኛ እንደዚህ ቀዝቃዛ ቃል የለም። ማያን ግን አያቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ወደ በረንዳው ሮጣ ደወለች።

«አልሞግ፣ ባዳ ነህ!»

«ምን? ስድብ ነው?»

«አይደለም፤ አባቶቻችን ውሸታቸውን ነው። እማማ ሰባት ቤት ቆጠሩ። ምንም አትሆነኝም! ሰማኸኝ? ምንም!»

ከወዲያ በኩል ሳቁ ተሰማ።

«እንግዲያው» አላት፣ «የሆነ ነገር ልሁንሽ።»