የአጎቷ ትንሽ ጣት

መጀመሪያ ያየችው ፍሬሙን ነበር። ከዚያ የአጎቷን ፊት፣ ከዚያ የሳክስፎኑን አንገት። የሆነ ነገር አልዋጥላት አለ። ዓይኗ ወደ ግራ እጁ ወረደና እዚያው ተተከለ። ትንሿ ጣት በልስላሴ ጎበጥ ብላ ቁልፏ ላይ ተቀምጣለች፤ እሱም በጥቁር ቀለም። እሷ የሣለችው ሥዕል ግን ከዳር እስከ ዳር የእርሳስ ሥራ ነው።

«ይኼን ማን ነካው?» አለች። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ወንበር የሚደረድሩት ልጆች ዘወር ብለው አይተዋት ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አጎቷ ትንሿን ጣቱን ማጠፍ አይችልም። በወጣትነቱ፣ የባንዱን ድምፅ ማጉያ ሲያወርዱ የጭነት መኪና በር ደፈጠጣት፤ ስትድን ግትር ብላ ቀረች። ሲጫወት ሌሎቹ ጣቶቹ ላይ ታች ሲራወጡ እሷ ብቻዋን ቀጥ ብላ ትቆማለች። የእሷን ቁልፎች ጎረቤቷ ጣት እየዘለለች ትነካላታለች። የባንዱ ሰዎች እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቀጥ ስለምትል «ትራፊኳ» ይሏታል። ልጅቷንም «ጭረት» ብለው የሰየሟት እነሱ ናቸው፤ የትም ብትቀመጥ ወረቀት ላይ ስትጭር ስለማትታጣ።

ዓመቱን ሙሉ ከኋላቸው ተከትላ ዞራለች። እናቷ የፈቀደችው በሁለት ነገር አስምላት ነው፤ ሒሳብ ላትወድቅ፣ እሑድ ሳይመሽ ቤት ልትገባ። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር የባንዱ አሮጌ ሚኒባስ ኋላ ወንበር ላይ፣ በከበሮ ሣጥንና በመስኮቱ መሀል ተጣብቃ ትሄዳለች። በወደብ ከተማዋ መርከብ ሳይሆን ከመድረክ ጀርባ የሚተኛውን ኪቦርዲስት ሣለች። ሰማዩ በጭስ በተሸፈነው የፋብሪካ ከተማ አጎቷ የሥዕል ሙዚየም ይዟት ገባ። እሱ ራሱ ግን ሁለተኛው ክፍል ላይ ደክሞት የዘበኛው ወንበር ላይ አንቀላፋ። ሲወጡ፣ «ያንን ሰማያዊ ሥዕል ሠዓሊው ሳይጨርሰው ነው እንዴ የሰቀሉት?» ብሎ ጠይቋት እስከ ሚኒባሱ ድረስ እየተሳሳቁ ሄዱ።

ያቺን ጣት ከአርባ ጊዜ በላይ ሣለቻት። አንዳንዴ እንጨት ትመስልባታለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ሻይ እየተኮፈሰ የሚጠጣ ሰው ጣት። የተሳካላት በሦስተኛው ከተማ፣ ከሆቴል ማብሰያ ቤት ጀርባ ባለ ጠባብ ክፍል፣ ልምምድ ላይ ነው። ጣቷ አልኮራችም፣ አላፈረችም፤ ዝም ብላ ቆማለች። ለትምህርት ቤቶች የሥዕል ውድድር ያስገባችው ያንን ሥዕል ነው። ከየትምህርት ቤቱ አንድ አሸናፊ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕል ትምህርት ቤት ይማራል። ይህን ዕድል ከምንም ነገር በላይ ትፈልገዋለች።

የክፍል አለቃዋ፣ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ የሆነችው፣ የስም ዝርዝሩን ይዛ መጣች።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ ቲማቲም መስሏል።»

ጭረት የሥዕሉን ጣት በጣቷ አሳየቻት። የክፍል አለቃዋ ወደ ሥዕሉ ሳይሆን ወደ ወለሉ አየች።

«አንቺ ታውቂያለሽ» አለች ጭረት።

ጓደኛዋ ትንሽ ካንገራገረች በኋላ አመነች። ዓርብ ከሰዓት የሥዕል ቲቸር ሁሉንም ሥዕሎች እየዞሩ ሲያስተካክሉ የቀለሙን ጠርሙስ የያዘችላቸው እሷ ነበረች። ሰኞ ዕለት ጭረት ሥዕሉን ልየው ስትላት፣ ፍሬም ቤት ነው ብላ የመለሰቻትም እሷው።

«ብነግርሽ እንደዚህ ትሆኛለሽ ብዬ ነዋ። አታካብጂ እንጂ፤ አንድ ጣት ነው። እንደውም አምሯል።»

ጭረት ለመመለስ አፏን ከፍታ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቀረ። ጫማ የምትሸጠዋ ሴት እጅ፤ የአናጢው እጅ፤ ልጇን ያቀፈችው እናት እጅ። ጣቶቹ ሁሉ ለስላሳ፣ ጥፍሮቹ ሁሉ ክብ። አሥራ ስድስት ልጆች አሥራ ስድስት ሰው ሥለው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው እጅ አንድ ነው።

የሥዕል መምህሩ መዶሻቸውን ይዘው ሲመጡ ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ ሞከረች። የመጀመሪያውን ከሰል የሰጧት እሳቸው ናቸው። ሌላው አስተማሪ ወደ ቤቱ ሲሄድ እሳቸው እያመሹ ያስጠኗት ነበር። ይህን ማወቋ ንዴቷን አባሰባት እንጂ አላበረደላትም።

«ጣቱ ተሳስቶብሽ ነበር፤ አቃናሁልሽ» አሏት። እሳቸውም በልጅነታቸው መምህራቸው እንዲህ እያረሙላቸው እንዳደጉ ነገሯት።

«አልተሳሳተብኝም፤ የአጎቴ ጣት እንደዚያ ነው።»

«ዳኞቹ አጎትሽን አያውቁትም፣ ልጄ። እነሱ የሚታያቸው የተበላሸ እጅ ነው።»

እውነትም ዳኞቹ አያውቁትም። ጥርሷን ነክሳ ቆመች።

አጎቷ የደረሰው ያኔ ነው። ሳክስፎኑን በጀርባው አዝሏል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ልምምድ ስለሚሄድ። መምህሩን በትሕትና ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና ሥዕሉ ፊት ቆመ። ፊቱ ፈካ፤ አፍንጫዬን አሳንሰሽልኛል ብሎ ቀለደ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ሥዕሉ ላይ እጁን አየ።

«ጣቴን አዳንሽልኝ አይደል» አለ። «ደግ አደረግሽ። ሰው ፊት የሚሰቀል ነገር ነው።»

ፈገግ እንዳለ ግራ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሰርግ ላይ፣ ቲያትር ቤት፣ ስንት መድረክ ላይ ያልደበቃትን ጣት አሁን ከእሷ ደበቃት። ያፈረችበት መስሎታል። አርባ ጊዜ ስትሥላት ስታፍርባት የከረመች መስሎታል።

«እኔ አይደለሁም» አለች። ድምፅዋ ወፍሮ ወጣ። «አጎቴ፣ እኔ አይደለሁም የነካሁት።»

አጎቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ መምህሩን አየ። መምህሩ መዶሻውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። አጎቷ ነገሩ ገባው። ግን ሰው ማሳፈር የማይሆንለት ነውና፣ ምንም አይደለም፣ እኔ እንደሆን ቅር አይለኝም አላት። ቅር ቢለውም አፉን ሞልቶ እንደማይናገር ታውቃለች።

አንድ ወንበር እየጎተተች ግድግዳው ሥር አስጠጋች።

መምህሩ ቀረብ ብለው በሹክሹክታ አስጠነቀቋት። ዳኞቹ ግቢው ውስጥ ናቸው። የማስገቢያው ቀን ስላለፈ በሌላ መተካት አይቻልም። ካወረደችው ስሟ ይሰረዛል። ይህንን ሁሉ የተናገሩት በቁጣ አልነበረም፤ የሚለምኑ ይመስሉ ነበር።

«ከሁሉም የተሻለው ያንቺ ነው» አሉ። «ቅዳሜን አስቢ።»

አሰበችው። ወንበሩ ላይ ቆማ፣ ሁለት እጇ ፍሬሙን እንደያዘ፣ ቅዳሜን በደንብ አድርጋ አሰበችው። ትልቅ መስኮት፣ ተደርድረው የቆሙ የሥዕል ሰሌዳዎች፣ ከመሀላቸው አንዱ የእሷ። ከዚያ ፍሬሙን ከሚስማሩ አላቀቀችው።

«አበድሽ?» አለች የክፍል አለቃዋ። «ለአንድ ጣት?»

«አዎ» አለች ጭረት። «የፍሬም ቤቱን ግን ሌላ ቀን እናወራለን።»

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ። በቀስታ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እየተራመዱ ባዶው ሚስማር ጋ ደረሱ። መነጽር ያደረጉት ሴትዮ ወረቀታቸውን አዩና፣ አሥራ አንደኛው የት ነው ብለው ጠየቁ። መምህሩ ወለሉን አዩ።

«ወጥቷል» አለች ጭረት።

«ማን አወጣው?»

«እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ምክንያቷን የምትናገር መስሏቸው ትንሽ ጠበቋት። ብትነግራቸው መምህሩ እዚያው ፊታቸው ሊዋረዱ ነው፤ ያ ደግሞ በእርሳስ የሣለቻትን ጣት አይመልስላትም። ፍሬሙን ደረቷ ላይ አስጠጋች። ሴትዮዋ እስክሪብቷቸውን አውጥተው አንድ መስመር ሰረዙና ወደ አሥራ ሁለተኛው አለፉ። በቃ፣ ይኸው ነው። እንዲህ በአጭሩ የሚያልቅ አልመሰላትም ነበር።

ፍሬሙ የትምህርት ቤቱ ስለሆነ ሥዕሉን አውጥታ ፍሬሙን መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ወረቀቱን ደብተሯ መሀል ከተተች። ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲበርድላትም አልፈለገችም።

አጎቷ በሩ ላይ እየጠበቃት ነበር።

«ልምምዱ ስንት ሰዓት ነው?» አለችው።

«ዘጠኝ ሰዓት። ውጤቱን ሳትሰሚ?»

«ሳልሰማ» አለችና እርሳሷን የምትቀርጽበትን ፍለጋ ቦርሳዋን ትበረብር ጀመር።